አንድ ገልባጭ ጥቁር አፈር ላስደፋ?

ግንቦት ሲገባ ደብዳቤ ይበዛል። ክረምቱ ሊመጣ ሲል ሁሉም ሰው ጓሮው ትዝ ይለዋል። ዘንድሮ ደግሞ የአዳማ ሰዎች በርትታችኋል። ለእኔ ተመችቶኛል። ችግኝ የምሸጠው እዚሁ አዳማ ስለሆነ፣ «አፈሬ እንዲህ ሆነብኝ» ስትሉኝ ሳላየው አውቀዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስም አላወጣሁም። ምርቃታችሁን ግን ሙሉውን ተቀብያለሁ፣ አሜን።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቤት ሠርተን ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። የግቢያችን አፈር ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ ነፋስ ሲመጣ የሚቦን ነው። ውሃ ሳጠጣው ስርግ ይላል። ማታ ከሥራ ስመለስ ደርቆ አገኘዋለሁ። ቲማቲም ሞከርኩ፣ ቃሪያ ሞከርኩ፤ ሁለቱም ቀጭጨው ቀሩ። አሁን አንድ ሹፌር አንድ ገልባጭ ጥቁር አፈር ላምጣልሽ ብሎኛል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ባለቤቴ «አስደፊና ተገላገይ» ይለኛል። እርስዎ ምን ይሉኛል? (ከቦኩ ሸነን)

መልስ፦ አታስደፊ። ቢያንስ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ሹፌሩን ነገ ና በይው።

ጥቁር አፈር የሚሉሽ ዋልካውን ነው። ዋልካ በቦታው ጥሩ አፈር ነው፤ ጤፍም ሽምብራም ያበቅላል። አንቺ ነጭ አፈር ላይ ሲደፋ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ካለው ልል አፈር ጋርም አይዋሃድም። ውሃው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ሲደርስ ወደ ታች ማለፍ ትቶ እላይ ይቋጥራል። የተክሉም ሥር እዚያው ይቆማል። ደግሞስ ከየት ተቆፍሮ እንደመጣ ማን ያውቃል? ከሕንፃ መሠረት የወጣ ከሆነ ከሁለትና ሦስት ሜትር ጥልቀት የመጣ ነው። እዚያ ታች ያለ አፈር ብስባሽ አያውቅም፣ ትል አያውቅም። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ለም ነው የሚባል ነገር የለም። የጠርሙስ ስብርባሪውን በምርቃት ያመጡልሻል።

አሁን ያንቺን እንይ። አዳማ ያለችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ብዙው አፈራችን ድሮ እሳተ ገሞራ ከተፋው አመድና ፑሚስ የመጣ ነው። ብሎኬት አምራቾች ከሲሚንቶ ጋር የሚቀላቅሉት ያ ቀላል ድንጋይ ማለት ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ አንድ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ውሰጂ። ሲሶውን አፈር ሙዪ፣ ቀሪውን ውሃ። የልብስ ሳሙና ዱቄት ቆንጠር አድርገሽ ጨምሪ። በደንብ ናጪው፣ ከዚያ ሳትነኪው አሳድሪው። ጠዋት ታች አሸዋው፣ ከሱ በላይ ደቃቁ፣ ከሁሉም በላይ ሸክላው ተደርድሮ ታገኚዋለሽ። ሸክላው በጣም ስስ ሆኖ ይታይሻል። ውሃው ላይ የሚንሳፈፉት ጠጠሮች ፑሚስ ናቸው። ልጆች ካሉሽ አሳዪአቸው፤ ድንጋይ ሲንሳፈፍ ማየት ይወዳሉ።

ሁለተኛው ሙከራ አቼቶ ነው። ደረቅ አፈር በሲኒ አድርገሽ አቼቶ ጠብ አድርጊበት። ከፈላ ኖራ አለበት ማለት ነው። እኛ አካባቢ ብዙ ቦታ ይፈላል። አንቺ ጋ ደግሞ አዲስ ቤት ነው። ግንበኞቹ ሲሚንቶ ያቦኩት የት ነበር? እዚያ ቦታ ምንም አትትከዪ። ግድ ካልሽ የላዩን አንድ ስንዝር ጠርገሽ አውጪው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ለገልባጩ ካሰብሽው ብር ትንሹን ብቻ ያዢና ከብት ወይም በግ የሚያደልቡ ሰዎች ጋ ሂጂ። ፍግ ግዢ። ከክምሩ ላይ የሚዝቁልሽን እንቢ በይ። ከታች ያለውን፣ የጠቆረውን፣ በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈረውን፣ እበት እበት የማይሸተውን አስዝቂ። የዶሮ ኩስ ርካሽ ነው ብለው ከሰጡሽም ተቀበዪ፤ ግን ትኩሱን አትጠቀሚ፣ ሥር ያቃጥላል። ጥግ ላይ ከጭድ ጋር ከምረሽ እስከ መስከረም ተዪው።

ሙሉ ግቢውን ለማዳን አትሞክሪ። ሰው የሚደክመውና የሚተወው በዚህ ነው። አንድ መደብ ብቻ አውጪ። ስፋቱ አንድ ሜትር ይሁን፣ ከግራም ከቀኝም እጅሽ እንዲደርስ። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ይበቃል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሪ። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሁለት ባልዲ ፍግ ከአፈሩ ጋር አዋህጂ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ይከራከረኛል። መደቡን ዝቅ አድርጊው። በቴሌቪዥን የምናየው በጣውላ ታጥሮ ከፍ ያለ መደብ ዝናብ ለሚበዛበት አገር የተሠራ ነው። ውሃ እንዲወርድለት ነው ከፍ የሚያደርጉት። አንቺ ውሃ ወረደብኝ እያልሽ ታለቅሻለሽ፣ ለምን ከፍ ታደርጊዋለሽ? ከመሄጃው አራት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። ዙሪያውን አፈር ከፍ አድርጊለት። ያጠጣሽው ውሃ እዚያው ይቀራል። «በሐምሌ ዝናብ አይሰጥምም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። በዋልካ ላይ ቢሆን አዎ። በፑሚስ ላይ አይሰጥምም።

የመጨረሻው ሥራ ጉዝጓዝ ነው፤ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። አንቺ አፈሩ ውሃ አልያዘም ትያለሽ። ከፊሉ እውነት ነው። ከፊሉን ግን ፀሐይና ነፋስ ነው የሚሰርቁሽ። ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች አይተሻል? ሁለቱ የአዳማ ነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ነፋሱ እዚህ ስለሚበረታ ነው። ያው ነፋስ ያንቺን መደብም ቀኑን ሙሉ ያደርቃል። ስለዚህ አፈሩን ራቁቱን አትተዪው። የጤፍ ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የታጨደ ሣር፣ የደረቀ ቅጠል፣ ያገኘሽውን አልብሺው። ውፍረቱ አራት ጣት ይሁን። ግንዱን ግን አይንካ፣ ይበሰብሳል። ጭዱን መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፊበትና ከላይ እንጨት ጋደም አድርጊበት፣ አለዚያ ጎረቤት ግቢ ነው የምትለቅሚው። ምስጥ ካየሽ ደረቁን ገለጥ አድርጊና አካባቢውን አርጥቢው፤ በሳሳ ጉዝጓዝ ቀጥዪ እንጂ አትተዪው።

ጉዝጓዙ ራሱ በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። ያኔ ትጨምሪበታለሽ። ፍጉም በየዓመቱ መታደስ አለበት። እንዲህ ባለ ሞቃት ቦታ ብስባሽ ቶሎ ተበልቶ ያልቃል። አንዴ አድርጌዋለሁ ብለሽ አትቀመጪ።

ዘር ስትገዢ ደግሞ አደራ፣ ሥዕሉን አይተሽ ብቻ አትግዢ። መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አጠገባችን ነው ያለው። መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ የሚባሉት ቲማቲሞች ከዚያ የወጡ ናቸው። አዳማ ቀይ የሚባለው ሽንኩርትም እንደዚሁ። ለኛ ዓይነት አየር ተፈትነዋል።

ለባለቤትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ። የመቆፈሩን ድርሻ ለእሱ ስጪው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ሎሚ አለችኝ። አዲስ የምታወጣው ቅጠል ቢጫ ነው፤ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። እንክብካቤ አላጓደልኩባትም። የምድጃ አመድ በየሳምንቱ ግንዷ ሥር እደፋላታለሁ፣ ውሃም በየቀኑ አጠጣታለሁ። ጎረቤቴ «የዛገ ምስማር ግንዷ ላይ ምታባት፣ ብረት አንሷት ነው» አለኝ። እውነት ነው? (ከዳካ አዲ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጎረቤትዎ ግማሹን አግኝተውታል። ያነሳት ብረት ነው። ምስማሩን ግን ይተዉት፣ ግንዷን ማቁሰል ነው ትርፉ። ዝገት ለተክል የሚሆን ምግብ አይደለም፤ በአልካላይን አፈር፣ ማለትም እንደኛው ኖራ ባለበት የአሲዳማ ተቃራኒ በሆነ አፈር ውስጥ አይሟሟም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት አፈርዎ ውስጥ ሞልቷል፣ ግን ተቆልፎበታል። የቆለፈው አልካላይንነቱ ነው። አመድ ደግሞ ያንኑ ያባብሳል። በእርስዎ አልፈርድም፤ አመድ ለአትክልት ጥሩ ነው ሲባል ያልሰማ የለም። ወለጋ ወይም ጎጃም ቢሆን እኔም ጨምሩ እላለሁ። እዚያ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ገበሬው ኖራ ገዝቶ ነው የሚበትነው። እኛ ጋ ኖራው ድሮውንም አለ። ስለዚህ አመዱን ለድስት መፈተጊያ ያድርጉት።

በየቀኑ ማጠጣቱንም ይቀንሱ። ሥሩ ሁልጊዜ ከጨቀየ አየር ያጣል፣ ብረት መሳብም ያቅተዋል። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይስደዱ። ሁለት አንጓ ድረስ ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ያረጀ ፍግ ወይም ብስባሽ ያስቆፍሩና ያልብሷት። ግንዷ ሥር ሳይሆን ጥላዋ የሚያርፍበት ጫፍ ላይ፣ ዙሪያውን። ምግብ የሚስቡት ደቃቅ ሥሮች ያሉት ወደዚያ ነው።

ቶሎ ለውጥ ካሻዎት የግብርና ግብዓት የሚሸጡ ሱቆች ጋ «ቼሌትድ አይረን» ብለው ይጠይቁ፤ ተክል ሊስበው በሚችል መልክ የተዘጋጀ ብረት ነው። ለአልካላይን አፈር የሚሆነውን ስጡኝ ይበሉ፣ ዓይነቱ ይለያያልና። መጠኑን ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ቅጠል ላይ የሚረጭ ከሆነ ፀሐይ ስትበርድ ይርጩት። የቢጫዎቹን ነገር አይጠብቁ፤ የሚያዩት ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ቅጠል ነው።

የሚያጠጡት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ውሃው ራሱ ሶዳ ሊኖረው ይችላል። ክረምቱ እየመጣ ነው። የጣራውን አሸንዳ ወደ በርሜል ያዙሩና የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙላት።

በዚህ አጋጣሚ ለሌሎቻችሁም፦ ቢጫነቱ ከአሮጌው ከታችኛው ቅጠል ከጀመረና ቅጠሉ ጅማቱንም ጨምሮ ከገረጣ፣ የጎደለው ብረት ሳይሆን ናይትሮጅን ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ አታምታቱት።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ነን። ኮምፖስት ልሥራ ብዬ የሽንኩርቱንም የድንቹንም ልጣጭ፣ የተረፈ ወጡንም በማዳበሪያ ከረጢት አጠራቀምኩ። አፉን አስሬ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ገምቷል። ዝንቡ አይጣል ነው። አከራያችን «ወይ እሱ ይውጣ ወይ አንተ ውጣ» አሉኝ። ምን ላድርግ? (ከፍራንኮ)

መልስ፦ እሱ ይውጣ። አከራይህ እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን አስወጣሃለሁ።

የሠራኸው ኮምፖስት አይደለም፣ የታሸገ ቆሻሻ ነው። እርጥብ ነገር ብቻውን አየር ሲያጣ ይገማል። ብስባሽ የሚሠሩት ነፍሳት ይተነፍሳሉ። ደረቅ ነገርም ይፈልጋሉ። አንተ ከሁለቱ አንዱንም አልሰጠሃቸውም።

እንደገና ጀምር። አሮጌ የፕላስቲክ በርሜል ፈልግ። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበት እንዳይሆን። ጎኑንና ቂጡን በጋለ ብረት ብዙ ቦታ ብሳው። ብሎኬት ላይ አስቀምጠው፣ ከሥር አየር ይግባ። ክዳን ይኑረው። ከታች ጭራሮ አንጥፍ። ከዚያ አንድ እጅ ልጣጭ ስትጨምር ሁለት እጅ ደረቅ ነገር ከላይ አልብሰው። ደረቅ የምልህ ጭድ፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ የደረቀ ቅጠል ነው። አናጺ ቤት ሰጋቱራ በነፃ ይሰጡሃል፤ ግን የጣውላውን እንጂ የኤምዲኤፉን አትውሰድ፣ ሙጫ አለበት። ልጣጩ በፍጹም ፊት ለፊት አይታይ። ዝንብ የምታቆመው በዚህ ነው።

ወጥ አታስገባ። ዘይትና ጨው አለው፣ አይጥም ይጠራል። ሥጋና አጥንትም አይገባም። የቡና አተላ ይግባ፣ ግን በተን አድርገው፣ ቋጥኝ እንዳይሆን። የእንጀራ ፍርፋሪ ትንሽ ቢገባ አይጎዳም።

ስለ ጫት ገረባ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ በዚህች ከተማ ከሱ የሚበልጥ ነፃ ነገር የለምና። ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ግን ይቆያል። ቆራርጠህ አስገባው። ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ ገበሬዎች ስላሉ፣ ገረባ የበዛበትን ብስባሽ ለአበባና ለጥላ ዛፍ አድርገው። ለሰላጣና ለቆስጣ አላደርገውም እኔ።

በሳምንት አንዴ በእንጨት አማስለው። ጨብጠህ እየው። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምር፣ ከተበተነ ውሃ አርከፍክፍ። የገማ እንቁላል ከሸተተህ አየር አጥቷል፣ ገልብጠው። የሽንት ሽታ ካለው እርጥብና ትኩስ ነገር በዝቷል፣ ካርቶን ጨምር። በርሜል ትንሽ ስለሆነ እንደ ትልቅ ክምር አይግልም። ስለዚህ አራት አምስት ወር ትጠብቃለህ። የአፈር ሽታ ሲሸትና ልጣጩ መለየት ሲያቅትህ ደርሷል።

በርሜሉን ከአከራይህ በር አርቀው፣ ነፋሱም ከእነሱ ወደ እሱ የሚነፍስበት በኩል አድርገው። የመጀመሪያውን ቆስጣ ስትቆርጥ ለማን እንደምትወስደው አንተ ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ የቲማቲሜ ቂጥ እየጠቆረ ይበሰብሳል። ካልሲየም ነው ተብሎ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ጨመርኩ። ምንም ለውጥ የለም። (ከደምበላ)

መልስ፦ አይኖርምም። ካልሲየም በአፈርሽ አለ። የጎደለው የውሃ ሥርዓት ነው። አንድ ቀን ታጠግቢውና ሌላ ጊዜ ትረሽዋለሽ፤ ውሃ ሲቋረጥ ካልሲየሙም ወደ ፍሬው መድረሱን ያቆማል። በየሁለት በየሦስት ቀኑ እኩል እኩል አጠጪ፣ ጉዝጓዝ አልብሺ። የጠቆሩትን ልቀሚ። ቅርፊቱ አይጎዳም፣ ግን ዓመታት ካልፈጀ አይበሰብስም።

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። የልብስ እጣቢ ለጓሮ አትክልት ይሆናል?

መልስ፦ የመጀመሪያው እጣቢ አይሆንም። ሳሙናው ውስጥ ሶዲየም አለ። አፈሩን እያደረ ያደነድነዋል፣ አልካላይንነቱንም ይጨምራል። በረኪና የገባበት ከሆነ ጭራሽ አታስጠጉት። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ለዛፍ ይሁን፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ግን አትድፉት። የጎመን፣ የድንችና የሩዝ ማጠቢያ ያለ ስጋት ይፈስሳል። ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ ንጹሕ ውሃ ብቻ።

ጥያቄ፦ ዘመዴ ዩሪያ ከገጠር አመጣልኝ። ጎመን ላይ ስበትነው ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። በሞቃትና በአልካላይን አፈር ላይ ከላይ በትነሽ ከተውሽው ብዙው ወደ አሞኒያ ተለውጦ በአየር ይሄዳል። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀሽ ትንሽ ጫሪ፣ ቆንጠር አድርጊ፣ አፈር መልሺ፣ ወዲያው አጠጪ። ለአንድ እግር ጎመን ከሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል። ሰው ሲበዛ ይሻላል ብሎ ነው የሚያቃጥለው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው ያለሁት። በረንዳዬ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኛል። በከረጢት ቆስጣና በሶብላ መትከል ይቻላል? አፈር ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ይቻላል። አፈሩን በተመለከተ ቦኩ ያለችው እህታችን የምታማርርበት ፑሚስ ለአንቺ ወርቅ ነው። ቀላል ስለሆነ ፎቅ አይከብደውም። ቀዳዳዎቹ ውሃ ይይዛሉ፣ ሥሩም አየር ያገኛል። ብሎኬት አምራቾች ጋ ደቃቁን ለምኚ፣ አጥበሽ አቧራውን አስወግጂ። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ ሁለት እጅ ያረጀ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ ተራ አፈር ቀላቅዪ።

ባለ ሃምሳ ኪሎ ማዳበሪያ ከረጢት አፉን ወደ ውጭ እጠፊው። ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ የወተት ጣሳ መሃል ላይ አቁሚ። ጣሳውን ጠጠር ሙዪ፣ ዙሪያውን ድብልቁን ሙዪ። ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳቢና እንደገና ሙዪ። እንዲህ እያልሽ እስከ አፉ ስትደርሺ መሃሉ ላይ የጠጠር ዓምድ ይኖርሻል። ውሃውን እዚያ ላይ ስታፈሺ እስከ ታች ይዳረሳል። ጎኑን በምላጭ እየቀደድሽ ቆስጣውን አስገቢ፣ ከላይ በሶብላውን። ከረጢቱ ፀሐይ ሲመታው ስለሚፈረካከስ በየዓመቱ ለውጪው። ከግድግዳው አስጠጊው እንጂ የበረንዳው ብረት ላይ አታስደግፊው፤ ሲረጥብ ይከብዳል። ከሥሩም ሰፋ ያለ ሳፋ አድርጊ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ልብስ ሲያሰጡ ጭቃ እንዳይንጠባጠብባቸው።